ትልቁ መዝጊያ እስኪደርስ

ራውንዳፕ፣ ሞንታና
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2017

ለአቶ ኤናር ሆልም
ላርሰን ቤይ፣ ኮዲያክ ደሴት፣ አላስካ

የተከበሩ አቶ ኤናር፣

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከደረሰን ዘመን ሆኖታል። ሰው ሁሉ የሚቆጣን በኢሜይል ነው። ስለዚህ የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ማሽኑን አስጠፍቼ ለባለቤቴ ለሃርላን። «ሞታችኋል ወይስ ተኝታችኋል?» ያሉት ቦታ ላይ ስደርስ ሳቀ። «ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። እኔ ግን አፈርኩ።

ቁጣዎ ልክ ነው። አዲሱን ትልቁን የጠመንጃ መዝጊያ ለጁላይ እናደርሳለን ብለን ነው ያስመዘገብናችሁ፤ ይኸው ሴፕቴምበር ተጋመሰ። የሆነውን ልንገርዎ። ጥይቱና መዝጊያው የሚገቡባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሃያ የብረት ቤቶች ለማጠንከሪያ ምድጃ ልከናቸው ጠምመው ተመለሱ። ጠመሙ ስል በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከፀጉር ያነሰ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞርዶ አስተካክሎ ይልካቸው ነበር። ሃርላን ሃያውንም ቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ጣላቸው። «ይህን ያህል ጥይት የሚፈነዳው ከሰው ዓይን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው፤ የማንንም ዓይን ተሸክሜ አልኖርም» አለ። እንደገና ከጥሬው የብረት ዘንግ ጀምረናል።

ስለ ተራዎ ለጠየቁት፣ የተመዘገቡት ስልሳ ሦስት ናቸው። ከነሱ ውስጥ በግራ እጅ የሚሠራውን ያዘዙት ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ እርስዎ አራተኛው ነዎት። ግራዎቹ የሚሠሩት ቀኞቹ ካለቁ በኋላ ነው፤ ሁሉ ነገር መገልበጥ አለበት።

«ጸሐፊዋ ነሽ ወይ?» ላሉት ደግሞ፣ አይደለሁም። ሃርላን ይቆርጣል፤ እኔ አስማማለሁ። የመዝጊያው ጥርሶች ቤታቸው ውስጥ እኩል እስኪቀመጡ ድረስ በዘይት የማሽ እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤ የምጽፈው ሌላ የሚጽፍ ስለሌለ ነው።

ሃርላን አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሏል። ግራኙ እርስዎ ራስዎ ነዎት?

ከይቅርታ ጋር፣
ዶርካስ ሬንፍሮ


ላርሰን ቤይ
ኦክቶበር 9 ቀን 2017

ወይዘሮ ዶርካስ፣

ደብዳቤሽ በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ደረሰኝ። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ቀን ጭጋግ ስለነበር የፖስታዋ አውሮፕላን ውሃው ላይ ማረፍ አልቻለችም።

አንቺ ስላልኩሽ አትቀየሚ። ሰማንያ ሰው በማይሞላበት መንደር አንቱ የሚባለው ፓይለቱ ብቻ ነው፤ እሱም ፖስታ ይዞ ከመጣ። አንቺም አንተ በዪኝ።

ግራኟ ልጄ ናት። ስሟ ሜረን ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በጸደይና በመከር ድብ ለማደን የሚመጡ እንግዶችን ትመራለች። እንግዳው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ይተኩሳል፣ ብዙ ጊዜ ይገድላል። አንዳንዴ ግን ያቆስላል። ያን ጊዜ እንግዳው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ የሚጨርሰው መሪው ነው። የምትገባው ሜረን ናት።

አሁን የያዘችው የእኔን አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ የቀኝ ነው። ግራኝ ሰው በሱ አንዴ ከተኮሰ በኋላ እጁን ከምላጩ አንስቶ፣ በጠመንጃው አናት ላይ አሻግሮ፣ መዝጊያውን ስቦ ዘግቶ፣ እንደገና ወደ ምላጩ መመለስ አለበት። አጋዘን ቢሆን ግድ የለም፤ አጋዘን ይሸሻል። ድብ ግን ወደ ሰውየው የሚመጣበት ጊዜ አለ። «አባዬ፣ እኔኮ ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ» ትለኛለች። እኔ አልለመድኩትም። ከአደን ስትመለስ ገና ቦት ጫማዋን ሳታወልቅ «ስንት ጊዜ ተኮስሽ?» እላታለሁ። «ሁለቴ» ካለችኝ ያን ቀን እራት አይበላልኝም።

ያን ያህል ወፍራም ጥይት የሚውጥ የግራ መዝጊያ የትም አላገኘሁም። የእናንተን የሰማሁ ዕለት ነው የተመዘገብኩት።

አርባ ዓመት የጠመንጃ እንጨት ስቀርጽ ኖሬአለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያደረቅኩት የዋልነት ግንድ አለኝ፤ ስንት ሰው ለምኖኝ አልሰጠሁትም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። እጄ ገና ይታዘዘኛል፤ አንደኛው ዓይኔ ግን መደንገዝ ጀምሯል። እንግዲህ ለሃርላን እንዲህ በዪው፤ ጠማማውን መጣሉ ደግ አደረገ፣ ቀጥ ያለውን ግን ቶሎ ይሥራ።

ኤናር


ራውንዳፕ
ዲሴምበር 11 ቀን 2017

ውድ ኤናር፣

እሺ፣ አንተ ልበልህ። እጄ ግን አልለመደም፤ ሦስቴ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሰርዣለሁ።

ከመደብሩ ስልክ አራት ጊዜ ደውዬ ማንም አላነሳም ላልከው ይቅርታ አድርግልን። ያን ሰሞን ቢሊንግስ ከተማ ነበርን። ሃርላን ትንሽ ከስቷል፤ ሐኪሞቹ ምርመራ ይደረግ ብለው ነው። የሆድ ነገር ነው። ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም።

መልእክትህን እንዳለ አነበብኩለት። «ለልጁ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ተነስቶ የግራውን መዝጊያ እጀታ እንደገና ሣለው። ቅዝቃዜ ውስጥ ጓንት አድርጋ ስለምትተኩስ ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ ልክ መሆን አለበት ይላል። የሜረንን ግራ እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ላክልን። የማንንም ደንበኛ እጅ ጠይቆ አያውቅም። እኛ ልጅ የለንም፤ የሰው ልጅ ሲነሳ እንዲህ ያደርገዋል።

እስከ አሁን አሥራ አንድ የቀኝ ወጥቷል። ግራዎቹ በጸደይ ይደርሳሉ። ስለ መዘግየታችን አንተ ካዘንክብን በላይ እኛ አዝነናል።

ሃርላን ሰላም ብሎሃል፤ ለልጅህም ጭምር።

ዶርካስ


ራውንዳፕ
ጃንዋሪ 22 ቀን 2018

ኤናር፣

ጥያቄህ ግልጽ ነው፤ መልሴም ግልጽ ይሁን።

ኮዲያክ ከተማ ያለው ሰውዬ የሚሸጠውን አሮጌ የግራ ጠመንጃ ልግዛው ወይስ የእናንተን ልጠብቅ ብለሃል። እስከ ሜይ መጀመሪያ የማይደርስ ከሆነ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም ብለሃል።

ጠብቅ። አትግዛው። እንደነገርከኝ አፈሙዙ ዝጓል፤ መዝጊያውም ሲሳብ ይያዛል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለልጅህ አትሰጥም። ግራዎቹ ማሽን ላይ ናቸው። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ እጅህ ይገባል።

ሃርላን ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል። አሳጥሬ የጻፍኩት ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ በሌላ አትተርጉመው።

ዶርካስ


ላርሰን ቤይ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018

ዶርካስ፣

ለሰውየው አልፈልግም አልኩት። ሆመር ከተማ የሚኖር ሌላ ግራኝ በማግስቱ ወሰደው። ተገላገልኩ፤ ሐሳቤ ተሰብስቧል።

የጠየቃችሁት እጅ ይኸው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው ያሰመርነው። ስትስቅ እየተነቃነቀች አውራ ጣቷ ላይ መስመሩ ሁለት ሆኗል፤ ትክክለኛው የውስጠኛው ነው። ከታች ያለው የራሷ ጽሑፍ ነው። አትጻፊ ብያት ነበር፤ መቼ ሰምታኝ ታውቃለች።

እንጨቱን መጥረብ ጀምሬአለሁ። መዝጊያው ሳይመጣ ውስጡን አልነካም፤ የውጪውን ግን ማን ይከለክለኛል። ደም ሥሩ እንደ ወንዝ ውሃ ይጠመዘዛል። ለሃርላን ይህን ንገሪው፤ ይገባዋል።

ኤናር

«ወይዘሮ ዶርካስ፣ ይህ እጅ እንደዛሬ አምሮበት አያውቅም፤ ለእናንተ ስል የዓሣ ቅርፊቱን አጥቤዋለሁ። አባቴ ቁርስም ምሳም ላይ የሚያወራው ስለ እናንተ መዝጊያ ብቻ ነው። ቶሎ ካልላካችሁት ድቡን ትቼ እሱን ነው የምተኩሰው። ሜረን»


ራውንዳፕ
ኤፕሪል 16 ቀን 2018

ኤናር፣

ዛሬ ይደርስሃል ያልኩህ ቀን ነው፤ አልላክሁትም። ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቸግሮኝ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

የመጨረሻው ማስማማት ቀርቷል። ጥርሶቹ በአንድ በኩል እየቀደሙ አስቸገሩኝ። ሃርላን እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም ይል እንደነበር ታውቃለህ። ጥቂት ሳምንት ስጠኝ። ለሜይ አደን ባይደርስም ለመከሩ አያልፍም።

ሜረንን ይቅርታ ጠይቅልኝ። እጇ ደርሶናል። ጽሑፏን አንብቤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ሃርላን ሰላም ብሎሃል።

ዶርካስ


ላርሰን ቤይ
ጁን 19 ቀን 2018

ወይዘሮ ዶርካስ፣

የኤፕሪል ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የሜይውም ደርሶኛል። ሳልመልስ ቆየሁ፤ ይቅርታ።

እዚህ ዝናብ ነው። ሳልመን ዓሣው ገብቷል፤ ዘንድሮ ብዙ ነው ይላሉ። ሜረን አንኮሬጅ ሰንብታለች። ሰላም ብላለች።

ስለ መዝጊያው የጻፉልኝ ገብቶኛል። ከእንግዲህ መቸኮል አያስፈልግም። ተረጋግታችሁ ሥሩ።

ለአቶ ሃርላን ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ኤናር ሆልም


ራውንዳፕ
ኦገስት 5 ቀን 2018

ውድ ኤናር፣

ደብዳቤህን ስከፍት «ወይዘሮ ዶርካስ፣ ደብዳቤዎ» ይላል። ተቀይሞኛል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ «መቸኮል አያስፈልግም» የሚለውን አነበብኩ። ተቀይመኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቸርነትህን መሸከም አቃተኝ፤ አንድ ወር ያህል ከነደብዳቤህ ዞርኩ።

ሃርላን ሞቷል። ማርች 3 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት። ቆሽቱ ነበር። «ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም» ብዬ የጻፍኩልህ ሐኪሙ ስድስት ወር እንኳ አይሞላውም ባለን ሳምንት ነው። «ጠብቅ፣ አትግዛው» ያልኩህ ጊዜ ማሽኑ ከቆመ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ግራዎቹ ማሽን ላይ አልነበሩም። ማሽኑ ላይ ጨርቅ አልብሼበት ነበር። ኤፕሪል ላይ «ሃርላን ሰላም ብሎሃል» ስልህ ከቀበርኩት ስድስት ሳምንት አልፎት ነበር።

ለምን እንደዋሸሁህ ልንገርህ። ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ ማወቅ ስለሚገባህ ነው።

ጠዋት ጠዋት ትራሱን ደግፌ ሳስቀምጠው የመጀመሪያ ቃሉ «ዛሬ ማን ወጣ?» ነበር። ከመዝገቡ ማለቱ ነው። ሰዉ መሰልቸት ጀምሮ ነበር። «የኦሃዮው ሐኪም ወጣ» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ያን ቀን ምግብ አይቀምስም። «የአላስካውስ ሽማግሌ?» ይለኛል።

«እሱማ ይጠብቃል።»

«ይጠብቃል አይደል? ለልጁ ነውኮ።»

«ለልጁ ነው። ይጠብቃል።»

ያን ቀን ሾርባውን ይጠጣል። «ተነስቼ የሷን እኔ ራሴ ነው የምቆርጠው» ይላል። ደብዳቤህ የመጣ ቀን፣ ሌላ ጠመንጃ አግኝቻለሁ ያልከው፣ ከአልጋው አጠገብ ነበር የከፈትኩት። «ምን ይላል?» አለኝ። «የእጇን ልክ ልልክ ነው ይላል» አልኩት። እዚያው ተቀምጬ፣ እያየኝ፣ «ጠብቅ» ብዬ ጻፍኩልህ። እሱ አንድ ሲኒ ሾርባ እንዲጠጣ ብዬ አንተን ሸጥኩህ። እንዲህ ነው የሆነው።

እሱ ካለፈ በኋላ ማሽኑን ገለጥኩት። ቆራጭ አይደለሁም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ጎኑ ቆሜአለሁ። ቀኞቹን ትቼ ግራዎቹን አስቀደምኩ፤ በአንተ ምክንያት ነው። ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው፣ ያንተው፣ ትናንት አለቀ። እጀታውን ሃርላን በሣለው መንገድ በሜረን እጅ ልክ አጥፌዋለሁ። የእጇ ወረቀት ከቶርኖ ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ስሠራ አየዋለሁ።

ልላከው?

ዶርካስ


ላርሰን ቤይ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 2018

ወይዘሮ ዶርካስ፣

አይላኩት።

የባለቤትዎን ነፍስ ይማር። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ከዚህ በታች ያለውን ካነበቡ በኋላም እንዲያምኑኝ እፈልጋለሁ። ሃያ ጠማማ ብረት የሚጥል ሰው እኔ በዕድሜዬ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሜይ 9 ቀን አንድ እንግዳ ድብ አቆሰለ። ሜረን ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፤ ሥራዋ ነው። መጣባት። ተኮሰች፣ መታችው፤ አልቆመም። እጇን አሻግራ መዝጊያውን ስባ ዘግታዋለች። ጊዜ ያጣችው እጇን ወደ ምላጩ ለመመለስ ነው። ሁለተኛውን ጥይት የተኮሰችው በቀኝ እጇ ነው፤ ግራውን ድቡ ይዞት ነበርና።

ድቡ ሞቷል። እሷ በሕይወት አለች። ግራ እጇ የለም። አንኮሬጅ ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ሊያተርፉት ሞክረው በሦስተኛው ከክርኗ በታች ቆረጡት።

ጁን ላይ ሳልነግርዎ የቀረሁት እሷ ስለከለከለችኝ ነው። ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ ነው «ለሰዎቹ እንዳትጽፍላቸው» ያለችኝ። «ብረት ሠሪዎች ናቸውኮ አባዬ፣ የነከሱኝ እነሱ አይደሉም።» እሺ አልኳት። እኔም ቢሆን ዘገዩ እንጂ ሌላ አላልኩም ነበር። ሥራ ይዘገያል፤ እኔም ስንት ሰው አስጠብቄአለሁ። ስለዚህ መቸኮል አያስፈልግም ብዬ ጻፍኩልዎ። አሁን ግን የላኩልኝን አነበብኩ።

ያንን አሮጌ ጠመንጃ ያልገዛሁት በእርስዎ ቃል ብቻ ነው ብል እኔም ዋሾ እሆናለሁ። አስቀያሚ ነበር። ለልጄ ቆንጆ ልሠራላት ፈልጌ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያስቀመጥኩት እንጨት ነበረኝ፤ የመጨረሻ ሥራዬ ነው ብዬ ነበር፤ ሰው አይቶ «ይህን የሠራው ኤናር ነው» እንዲል ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ዝገቱን እኔ ራሴ አጋንኜ ነው የጻፍኩልዎ፤ ጠብቅ እንዲሉኝ።

ሆኖም ጠይቄዎት ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም ብዬ ጠይቄዎት ነበር።

ከዚህ በኋላ አይጻፉልኝ።

ኤናር ሆልም


ላርሰን ቤይ
ኖቬምበር 18 ቀን 2018

ወይዘሮ ዶርካስ፣

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ከመሰለዎት አልተሳሳቱም፤ አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ እንደወጣ ይቀበሉት።

ከሴፕቴምበር ወዲህ እርስዎ የላኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች አባቴ አልከፈታቸውም። አልጣላቸውምም። ከሬዲዮው ሥር ደርድሯቸዋል። እኔ ነኝ የከፈትኳቸው። ለሱ የጻፉትን ስላነበብኩ አላፍርም፤ ስለ እኔ እጅ ነው የምታወሩት።

ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ የግራ መዝጊያ ቢሆን ኖሮ እጄ ይተርፍ ነበር ወይ ነው። አዎ፣ ይመስለኛል። የጎደለኝ አንድ ሴኮንድ ነው። አይ፣ አይመስለኝም ብዬ ላጽናናዎት እችል ነበር፤ ግን በዚህ ነገር ውስጥ መጽናናት የሚሉት ነገር ምን እንዳደረገን አይተናል። ደግሞ ይህንንም ይስሙ። ነፋሱ ከጀርባዬ ነበር፤ ሽታዬን ወደ ድቡ ይወስድ ነበር። ሩብ ሰዓት ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ፤ የቆሰለ ድብ ከተውት ይደክማል። እንግዳው ቆሞ እያየኝ ስለነበር አልተቀመጥኩም። ፈራች እንዳይለኝ። እስከ ዛሬ ማታ ማታ የምጣላው ከእርስዎ ጋር አይደለም፤ ከዚያች ሩብ ሰዓት ጋር ነው። አባቴ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር ይጣላል። ለሦስት ተካፍለነዋል፤ አሁንም ለያንዳንዳችን የደረሰን ይበቃናል።

ሁለተኛው፣ መጥቼ ልያችሁ ወይ ነው። አይምጡ። ገና ነው።

አባቴን ግን ልንገርዎ። ከሜይ ወዲህ እንጨት ቤቱ አልገባም። ቁልፉን ከደጁ ላይ አላነሳም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ጀልባ ያያል። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ሬንፍሮ ሞተኮ» አለኝ። «አውቃለሁ አባዬ» አልኩት። «ስንት ሥራ ይዞ ሄደ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስማችሁን አላነሳም። ጥላቻ አይደለም። ምን እንደሆነ ብነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር፤ አላወቅሁትም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ያንን የግራውን ለአምስተኛው ግራኝ ይስጡት፤ ሳይዘገይ። ለእኔ የቀኝ ይሠራሉ? በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ያስገቡኝ። አዲስ ነኝ፣ የማንንም ተራ አልቀማም። አባቴ እንጨቱን ለሱ እንደገና ይጀምረዋል ብዬ ነው። የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።

እውነቱን ከፈለጉ፣ ወደ ድቦቹ አልመለስም። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ በመከር እወጣለሁ ብሎ ነው የሚያስበው። አዎ፣ አሁን ከላይ ስለ ማጽናናት የጻፍኩትን አስታውሳለሁ። አልሰርዝም ብዬ የለ።

ሜረን


ራውንዳፕ
ዲሴምበር 4 ቀን 2018

ሜረን፣

ሁለት ወረቀት ልኬልሻለሁ። ይህን የመጀመሪያውን ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። አንድም ቃል አታሳምሪለት።

ሃርላን መሞቱን ለሁሉም ጻፍኩላቸው። ብዙዎቹ ወጡ፤ አልፈርድባቸውም። የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሃያኛ ሆነሽ ተመዝግበሻል። ብቻዬን ነኝ፤ በወር አንድ ከሠራሁ ጥሩ ነው። እንግዲህ ሃያ ወር ነው። ክረምት ላይ ጣቴ ስለሚያብጥ ሊበልጥ ይችላል። ጨርሶ የማልችልበት ቀን ከመጣ በዚያው ሳምንት ጽፌ አስታውቃለሁ። ሌላ መዝጊያ ካገኛችሁ ግዙ፤ አትጠብቁኝ። አምስተኛው ግራኝ አይዳሆ የሚኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ትናንት ልኬለታለሁ።

ዶርካስ ሬንፍሮ

ይህ ሁለተኛው ያንቺ ብቻ ነው።

ለአባትሽ ንገሪው። ዛሬ ካልሆነልሽ ነገ። እኔም እንዲህ ነበር የጀመርኩት፤ ይህን ሳምንት ይለፍለት፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ። ነገ ነገ ስል ማርች ደረሰ፤ ከዚያ ሜይ ደረሰ። እሱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ አንቺን በሐሳቡ ጫካ ውስጥ እያየ ከሚከርም ተናዶ ቢጮህብሽ ይሻላል።

ስላልሰረዝሽው አመሰግናለሁ። እኔም የአንቺን እጅ ከግድግዳው አላወረድኩትም። አውርጂው ካልሽኝ አወርደዋለሁ።

ዶርካስ


ላርሰን ቤይ
ጃንዋሪ 21 ቀን 2019

ዶርካስ፣

የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ኪሷ ከተተችው፤ ምን ነው አላልኳትም።

ወደ ድቦቹ እንደማትመለስ ከገና በኋላ ነገረችኝ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ተናድጄ አልነበረም፤ እፎይታ ተሰምቶኝ ስለነበር አፍሬ ነው። በሦስተኛው ቀን እንጨት ቤቱን ከፍታ ምድጃውን አነደደችው። በአንድ እጅ እንጨት ስትፈልጥ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ሄጄ መጥረቢያውን ተቀበልኳት። እዚያው ቀረሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት አልደረስኩም። ልዋሽሽ አልፈልግም።

ከመዝገቡ ግን አትሰርዢን። እንጨቱን ለማን እንደምሠራው ገና አላውቅም።

ኤናር